አማልክቱ ይቆዩና፣ ሰዎቹ ረቡዕ ምን ይበላሉ?

ለሮል ፕሌይ ጨዋታ (አንዱ የፈጠራ ዓለም አዘጋጅቶ ሲተርክ፣ ተጫዋቾቹ የገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው የሚገቡበት) ዓለም ሃይማኖት የሚፈጥር ሰው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከአማልክት ዝርዝር ነው። የጦርነቱ፣ የባሕሩ፣ የሞቱ። እኔም ያው ነበርኩ። አንዴ አሥራ ሁለት አማልክት ከነዘር ሐረጋቸው ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፌ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ለተጫዋቾቼ ሳነብ አንዱ አቋረጠኝና «እሺ፣ ቄሱ መድኃኒት ይሸጣል?» አለኝ። ሦስት ገጼ አፈር በላ።

ልጁ ግን ልክ ነበር። እምነት መጀመሪያ የሚታየው ገበያና ማዕድ ላይ ነው። አገራችን የመጣ እንግዳ ስለ ምስጢረ ሥላሴ አንድም ቃል ሳይሰማ፣ ረቡዕ ምሳ ቤት ገብቶ «የጾም ነው የፍስክ?» ሲባል አንድ ነገር እንዳለ ይገባዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ስንቱ ሥጋ ቤት ዘግቶ ይከርማል፣ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ የዶሮ ዋጋ አይቀመስም። የእናንተም ሃይማኖት እንዲህ ሰው ሆድና ኪስ ውስጥ ይግባ።

እንዴት? ሰዎቹ ከሚፈሩት ነገር ተነሱ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሰው የሚወስድ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ እንበል። የውኃውን ጠባይ የሚያውቀው ቀዛፊው ብቻ ነው፤ እንግዲህ ካህኑም እሱ ነው። ተሻጋሪ ሁሉ ከስንቁ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ወንዙ ላይ ይጥላል፣ ሲወርድም እግሩን ያረጥባል። ይህን ያላደረገ «ደረቅ እግር» ይባላል፣ ከባድ ስድብ ነው። አያችሁ፣ ለአምላኩ ገና ስም እንኳ አላወጣንለትም።

አሁን ድልድይ ሥሩላቸው። ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው። በድልድይ መሻገር ኃጢአት ነው? ነጋዴው «ኧረ ጉርሻው ከላይም ቢወረወር ይደርሳል» ይላል። ቀዛፊው ይቃወማል፤ እንጀራው ስለተነካ ብቻ ሳይሆን ከልቡ ስለሚያምንም ጭምር (እባካችሁ ካህን ሁሉ አጭበርባሪ አይሁን፣ ሰልችቶናል)። ጠቡ ከትንሽ ነገር ተነሳ ብላችሁም አትስጉ። በእኛው ታሪክ ቅዳሜ ይከበር አይከበር የሚለው ክርክር ቅዳሜ ይከበር ካሉት መነኩሴ ከአባ ኤዎስጣቴዎስ ዘመን ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያወዛግብ ኖሮ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ የተወሰነው።

ሌላው፣ ጸሎት ቁስል በሚያድንበት ዓለም «አምላክ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያስኬድም። ጥያቄው «ማንን ይሰማል?» ነው። ድልድዩ ላይ ቆሞ የጸለየው ሰው በሽተኛ ቢፈውስስ? ቀዛፊው ምን ሊል ነው? መልሱን እናንተም አታውቁት።

የዓለም አፈጣጠር፣ ገነት፣ ሲኦል ምናምን ሲጠየቅ ይደረስበታል።

ደግሞ ለተጫዋቾቻችሁ አታብራሩ፤ ይደናቀፉበት። የእኔዎቹ በድልድዩ ተሻግረው፣ መሽቶባቸው፣ የእንግዳ ማረፊያ በር አንኳኩ። ባለቤቷ ፋኖሷን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ ጫማቸውን አየችና በሩን መለሰችው። ሁለቱ ከበሩ ጋር ሲጨቃጨቁ ሦስተኛዋ ዞር ብላ ከኮዳዋ እግሯ ላይ ውኃ አፈሰሰች። እሷ ገባች፣ እነሱ ውጭ አደሩ። ያን ሌሊት ስለ ወንዙ የጠየቁኝ ጥያቄ ለአሥራ ሁለቱ አማልክት አንድም ቀን አልተጠየቀም።