ስቶክሆልም ለመጣችሁ፦ ዜሮ ዲግሪን ፍሩ

«ዛሬ ስንት ማይነስ ነው?» አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህን ነው። እዚህ ከተማ አውቶቡስ መንዳት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። እኔን የሚያስፈራኝ ዜሮ ነው። ማይነስ 15 ላይ በረዶው ደረቅ ስለሆነ ጫማ ይይዛል። ዜሮ አካባቢ ግን ቀን የቀለጠው ማታ ይጋገርና፣ ካፊያ ሲጨመርበት መንገዱ እንዳለ መስታወት ይሆናል። ስዊድኖች «ሃልካ» ይሉታል።

ስለዚህ ስልክ ላይ ፕላስ 1 አይታችሁ «ዛሬማ ሞቋል» ብላችሁ በስኒከር አትውጡ። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ወጥቻለሁ። ሁለት እጄን ኪሴ ከትቼ ስሄድ ፌርማታው ጋ ወደቅሁ፣ የእጄ አንጓ ተሰበረ፣ 6 ሳምንት ሥራ ፈታሁ። ብሮዳር ግዙ፤ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ባለ ሹል ብረት ጎማ ነው። እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ እጃችሁንም ከኪስ አውጡ።

የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ እግር ያቀዘቅዛል፤ ሱፍ ይሁን።

«ዓለም ሞቃለች፣ ብርድ ቀርቷል» የሚሉም አሉ። ጃንዋሪ 2024 ላይ በሰሜን፣ ክቪክዮክ አካባቢ፣ ከዜሮ በታች 43.6 ተመዝግቧል። ወፍራሙን ጃኬት ለሰው አትስጡ።

መኪና ያላችሁ፣ መንገዱ በረዶ ካለው ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 የክረምት ጎማ በሕግ ግዴታ ነው። ግን ቀኑን አትጠብቁ፤ ሃልካ ኖቬምበርም ይመጣል።

በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ ደግሞ ሰው ስለወጣ ብቻ አትውጡ። ጠንካራና ጥርት ያለ በረዶ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይፈልጋል። ድልድይ ስርና ውሃ በሚፈስበት ቦታ ይሳሳል። ፀደይ ሲቃረብ ደግሞ ወፍራም መስሎ ውስጡ የበሰበሰ ነው። ልጆቻችሁን አስጠንቅቁ።

አሁን ትዕግሥቴን የጨረሰው፦ ሬፍሌክስ፣ ማለትም የመኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያንጸባርቅ ማሰሪያ፣ ሳያደርጉ መውጣት። ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ! ዲሴምበር ላይ ቀኑ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። እናንተ ጃኬቱም ጥቁር፣ ሱሪውም ጥቁር፣ ኮፍያውም ጥቁር። የአውቶቡሱን መብራት ከሩቅ ስለምታዩ ሾፌሩም የሚያያችሁ ይመስላችኋል። አያያችሁም። በአጭር መብራት ስነዳ ጥቁር የለበሰ ሰው የሚታየኝ ከ20 እስከ 30 ሜትር ሲቀረኝ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄድኩ ለመቆም በደረቅ አስፋልት እንኳ ያን ያህል መንገድ ያስፈልገኛል፣ በሃልካማ ስንት እጥፍ! ሬፍሌክስ ካለ ግን ከ125 ሜትር ጀምሮ ይታየኛል። አንድ ኖቬምበር ማታ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ድንገት ከፊቴ ብቅ አለች። ፍሬን ይዤ ለትንሽ ተረፉ። መሪውን ጨብጬ እጄ እስኪረጋ ብዙ ቆየሁ።

ድሮ በረዶው ራሱ ጨለማውን ያፈካው ነበር። ከ1861–1890 ጋር ሲነጻጸር በ1991–2020 የስዊድን አማካይ ሙቀት 1.9 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። አሁን ዲሴምበር ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘንበው ዝናብ ነው፣ እርጥቡ አስፋልትም ብርሃኑን ሁሉ ይውጠዋል። ስለዚህ ሬፍሌክስ ከበፊቱ ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል። አንዱን ክንድ ላይ፣ አንዱን ከጉልበት በታች፣ ለልጆች ቦርሳቸውም ላይ። ከሌላችሁ አውቶቡሴ ላይ ስትሳፈሩ ጠይቁኝ፤ ትርፍ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ አለ።