የመጥለቂያ ሲሊንደሮችን ቤት ውስጥ እንዴት ማስቀመጥና መንከባከብ ይቻላል?

ጋራዤ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙትን ስድስት ሲሊንደሮች ያየ ዘመድ ሁሉ «ይሄ ሁሉ ኦክስጅን ምን ሊሆንህ ነው?» ይለኛል። ኦክስጅን አይደለም። ባሕር ጠላቂ ጀርባው ላይ አዝሎት የሚወርደው ሲሊንደር አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ሁላችንም የምንተነፍሰውን አየር ነው፤ ተጣርቶና እርጥበቱ ተወግዶ በኮምፕሬሰር የታመቀ። ለየት የሚያደርገው ግፊቱ ነው። የወጥ ቤት ጋዝ ሲሊንደር በተለመደው የክፍል ሙቀት ግፊቱ 10 ባር አይሞላም፤ የጠላቂው ግን ሲሞላ 200 ባር ያልፋል። በደንብ ከተያዘ ለልጅ የሚተርፍ ዕቃ ነው። ከተረሳ ግን ጉዳቱ የሚጀምረው ከውስጥ፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነው።

እዚህ የምጠቅሳቸው የፍተሻ ጊዜያት የአሜሪካ ናቸው። ሌላ አገር የሚኖሩ ከሆነ ሲሊንደርዎን የሚሞላልዎትን ሱቅ ይጠይቁ።

1. ምን እንዳለዎት ይመዝግቡ

ሁሉንም አውጥተው ትከሻቸው ላይ የተቀረጸውን ያንብቡ። «3ኤኤል» (3AL) የሚል ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ «3ኤኤ» (3AA) ከሆነ ስቲል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሲሊንደሩ የሚሞላበት ግፊት ነው፤ ለምሳሌ 3000 ፒኤስአይ፣ ማለትም 207 ባር ገደማ። ከዚያ መለያ ቁጥሩና የተሠራበት ወርና ዓመት ይመጣል፤ በኋላ የተደረጉት ፍተሻዎች ቀንም አብሮ ተመትቶ ይገኛል። ይህን ሁሉ አንድ ደብተር ላይ ይጻፉ። እያንዳንዱ ሲሊንደር ላይም ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ይለጥፉ። ከሁለት በላይ ሲሊንደር ያለው ሰው ያለ ደብተር መምታታቱ አይቀርም።

ሁለት ቀነ ገደቦች አሉ። በየ5 ዓመቱ የውሃ ግፊት ፍተሻ ይደረጋል፤ ይህ ሕግ ነው። ሲሊንደሩ በውሃ ተሞልቶ ከሥራ ግፊቱ በሁለት ሦስተኛ የበለጠ ግፊት ይጫንበታል፤ የ3000ው እስከ 5000 ፒኤስአይ ድረስ ማለት ነው። ተለጥጦ ወደነበረበት በበቂ መጠን ካልተመለሰ አበቃለት። በየዓመቱ ደግሞ ባለሙያ ቫልቩን፣ ማለትም አንገቱ ላይ ያለውን የአየር መክፈቻና መዝጊያ፣ ፈትቶ ውስጡን በመብራት ያያል። ይህኛው የጠላቂዎች ልማድ እንጂ የመንግሥት ሕግ አይደለም፤ ያም ሆኖ የዘንድሮ ምልክት የሌለውን ሲሊንደር አብዛኛው ሱቅ አይሞላም። ልክ ናቸው።

አሮጌ አሉሚኒየም ካለዎት አንድ ተጨማሪ ነገር ይመልከቱ። አሜሪካ ውስጥ ከ1988 አጋማሽ በፊት ከተሠሩት ብዙዎቹ 6351 ከሚባል ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። ይህ ቅይጥ ግፊት ተሸክሞ ሲቆይ አንገቱ አካባቢ ቀስ እያለ የሚያድግ ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ በየ5 ዓመቱ የአንገቱ ጥርስ (ቫልቩ ተጠምዝዞ የሚገባበት) ስንጥቅ በሚለይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጭምር መፈተሽ አለበት። ብዙ ሱቆች ፍተሻውን ቢያልፍም አይሞሉትም፤ ርካሽ ነው ብለው ከሰው እንዳይገዙት።

2. ከባሕር እንደተመለሱ ይጠቡት

ቫልቩ መዘጋቱን ያረጋግጡና በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። ከሥሩ የሚጠለቀውን የጎማ ጫማ ሳያወልቁ ግን ታጠበ አይባልም። ጨዋማ ውሃ እዚያ ውስጥ ታቁሮ ይቀርና ቀለሙን አልፎ ብረቱን ይበላል። ጎማውን ለብቻው ያጥቡ፣ ሁለቱም ሲደርቁ ይመልሱት።

3. ውስጡን ከውሃ ይጠብቁ

ከሁሉ አብልጬ የምጠነቀቀው ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ከሰው የገዛሁትን የስቲል ሲሊንደር ለፍተሻ ወሰድኩ። ባለሙያው ቫልቩን ፈትቶ ሲገለብጠው ጠረጴዛው ላይ ቡናማ ውሃና የዝገት ቅርፊት ፈሰሰ። ውጭው አዲስ ቀለም ነበረ፤ የግፊት መለኪያው ጌጅም ሙሉ ያሳይ ነበር። እኔም በዚያ ሲሊንደር ሁለት ጊዜ ወርጄበታለሁ።

ዝገት ብረቱን ከማሳሳቱ ባሻገር ለመዛግ ኦክስጅን ይወስዳል። ውሃ ገብቶበት ወራት የቆየ የስቲል ሲሊንደር አየሩ ኦክስጅን ሊያንሰው ይችላል፤ ጌጁ የሚለካው ግፊትን ብቻ ስለሆነ ይህን አይነግርዎትም። አሉሚኒየም እንደ ስቲል አይበላም፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣል እንጂ። እሱም ቢሆን ጨው አይወድም።

ውሃ የሚገባው በጥቂት መንገዶች ነው። ዋነኛው ሲሊንደሩን እስከ ዜሮ መጨረስ ነው፤ ውስጡ ግፊት ከሌለ ውጭ ያለው ውሃ ይገባል። ሌላው የቫልቩ አፍ ላይ የቀረ ጠብታ ነው፤ ሲሞላ ከአየሩ ጋር ተገፍቶ ይገባል። ስለዚህ ከማስሞላትዎ በፊት፣ ሬጉሌተር (ጠላቂው የሚተነፍስበትን መሣሪያ) ከመግጠምዎም በፊት፣ ቫልቩን ለአንድ አፍታ ገርበብ አድርገው አየሩ ጠብታውን እንዲያባርረው ያድርጉ። አፉን ወደ ሰው አያዙሩት።

ጥርጣሬ ካለዎት ሲሊንደሩን ቀስ አድርገው አጋድመው ያዳምጡ። የሚንቦጫረቅ ወይም የሚንሿሿ ነገር ከሰሙ፣ አየሩም ብረት ብረት ወይም ዘይት ዘይት ከሸተተዎ፣ አይተንፍሱበት፤ ይፈተሽ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ግን ሽታ የለውም። ስለዚህ አለመሽተቱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም።

4. ለክረምት ሲያስቀምጡ ጥቂት አየር ይተዉበት

በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ የሚጠልቁ ከሆነ ሙሉውን ቢያቆሙት ችግር የለም። ለወራት ከሆነ ግን ከ15 እስከ 30 ባር ድረስ ያውርዱት። ይህ መጠን እርጥበት እንዳይገባ ይበቃዋል። ዝገት ቢነሳ ደግሞ በከፍተኛ ግፊት ጊዜ እንደሚሆነው አይፋጠንም። ሲያወርዱት ቀስ ይበሉ፤ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ቫልቩና ሲሊንደሩ በጣም ይቀዘቅዙና ላያቸው ላይ ጤዛ ይይዛል።

ግማሽ ድረስ ሞልቶ ማቆየትን አልመክርም። ቃጠሎ ቢነሳ አሉሚኒየም በሙቀት ይደክማል። ቫልቩ ላይ ያለችው ግፊት ሲበዛ የምትቀደድ የደህንነት ክዳን ደግሞ ግፊቱ ከፍ እስኪል ትጠብቃለች። ግማሽ የሞላ ሲሊንደር ክዳኗ ሳትቀደድ ራሱ ሊፈነዳ ይችላል።

5. ቀጥ አድርገው ያቁሙና ከግድግዳ ጋር ይሰሩት

የሲሊንደር ወለል ከጎኑ ወፍራም ነው። ቆሞ ከተቀመጠ የቀረች እርጥበት ብትኖር ወፍራሙ ላይ ታርፋለች። ግን የተለመደው አሉሚኒየም ባዶውን 14 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሕፃን ላይ ቢወድቅ፣ ወይም ቫልቩ ከድንጋይ ጋር ቢጋጭ የሚሆነውን መገመት አያቅትም። ግድግዳ ላይ ጠንካራ ቀለበት መትተው በሰንሰለት ወይም በዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ እያንዳንዱን ይሰሩት። ከሲሚንቶ ወለል እርጥበት እንዲርቅ ከሥሩ ሳንቃ ያንጥፉለት።

ቦታው ቀዝቃዛና ደረቅ ይሁን፤ ፀሐይ የማያገኘው፣ ከውሃ ማሞቂያው የራቀ። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 207 ባር የነበረ ሲሊንደር በ60 ዲግሪ ወደ 235 ባር ይደርሳል። በበጋ ፀሐይ የቆመች መኪና ሻንጣ ውስጥ አይተዉት።

6. እርስዎ የሚነኩትና የማይነኩት

የቫልቩ አፍ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት ስትሰነጠቅ መቀየር ይችላሉ፤ ርካሽ ናት፣ ጥቂት መለዋወጫ ይያዙ። አፉንም በክዳን ይሸፍኑት። ከዚያ በላይ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ግፊት እያለ ቫልቩን ለመፍታት መሞከር ሞትን መጥራት ነው። ቫልቩ ቢጠብቅም የማሽን ዘይትም ሆነ ቅባት አይቀቡት፤ ዘይት በታመቀው አየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ እሳት ሊነሳ ይችላል፣ የሚተነፍሱትም አየር ይበከላል። ቀለሙ ከተላጠ በአየር የሚደርቅ ቀለም ይቀቡ። ምድጃ ውስጥ የሚጋገር ቀለም ግን አይሆንም፤ 177 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ የአሉሚኒየም ሲሊንደር በደንቡ ከአገልግሎት ይወገዳል።

በመጨረሻ፣ ሁልጊዜ ቅርብ የቆመውን ብቻ አንስተው አይሂዱ። ደብተሩን ያዩና ከሁሉ ቀድሞ የተሞላውን ይውሰዱ። ፍተሻ የወደቀው ደግሞ ጥግ ተይዞ እንዳይቀመጥ፤ አንድ ቀን የማያውቅ ሰው ያስሞላው ይሆናል። ባለሙያው አየሩን አስወጥቶ፣ ቫልቩን ፈትቶ፣ አካሉን በስቶ ሲሰጥዎት ለቁራሌው ይስጡት፤ ቫልቩ ደህና ከሆነ ያስቀሩት።