የቤኒን ነሐሶችን የሙዚየም መዝገብ እንዴት እናንብብ? ለባሕር ዳር ተማሪዎችና አስጎብኚዎች

ከቤኒን ተዘርፈው በአውሮፓ ሙዚየሞች የተቀመጡትን የነሐስ ቅርጾች ዱካ ለመከተል ከባሕር ዳር መውጣት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው «ዲጂታል ቤኒን» የተባለ ነጻ የኢንተርኔት መዝገብ በ20 አገሮች ውስጥ በ131 ተቋማት የሚገኙ ከ5,000 በላይ ቅርሶችን ሰብስቧል። ቤኒን ሲባል በዛሬዋ ናይጄሪያ፣ በኢዶ ግዛት የሚገኘው ጥንታዊ መንግሥት እንጂ የቤኒን ሪፐብሊክ አለመሆኑን ልብ ይበሉ።

የአንዱን ቅርስ ገጽ ሲከፍቱ ከፎቶግራፉ ይልቅ አስቀድመው ሙዚየሙ ቅርሱን እንዴት እንዳገኘው የተጻፈውን ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ «ግዢ» ወይም «ስጦታ» የሚል ያገኛሉ፤ ይህ ግን የሚናገረው ስለ መጨረሻው ርክክብ ብቻ ነው። ሻጩ ከማን ገዛ፣ ያኛውስ ከማን ተቀበለ እያሉ ወደ ኋላ ይሂዱ። ዱካው እ.ኤ.አ. 1897 ላይ ካደረሰዎ፣ የእንግሊዝ ጦር ቤኒን ከተማን ይዞ ቤተ መንግሥቱን የዘረፈበትና ንጉሡ ኦባ ኦቮንራምዌን ወደ ካላባር እንዲጋዙ ምክንያት የሆነው ዘመቻ የተካሄደበት ዓመት ነውና፣ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ የሽያጭ ደረሰኝ፣ ምንም ያህል ሕጋዊ ቢመስል፣ ዝርፊያውን ወደ ንግድ አይለውጠውም። ይህን ነጥብ ሳይጽፉ አይለፉት። የጀርመን ሙዚየሞች ብዙዎቹን በገንዘብ ገዝተው ሳለ አገሪቱ በ2022 ባለቤትነቱን ለናይጄሪያ ለማስተላለፍ የተስማማችው የመጀመሪያው አወሳሰድ ስለታየ ነው።

በዚህ ረገድ የጣና ገዳማት ብራናዎች የተሻለ ዕድል አላቸው። በብዙዎቹ ላይ የባለቤቱ ደብር ስም ተጽፎ፣ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» (የሰረቀውና የፋቀው) ከሚል ውግዘት ጋር ይገኛል፤ ስሙ ካልተፋቀ ብራናው ራሱ ይመሰክራል። የቤኒን ነሐሶች ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስለሌላቸው የምስክሩ ሸክም በሙሉ የሚወድቀው በሽያጭ መዝገቦች፣ በወታደሮች ማስታወሻና በአሮጌ ፎቶግራፎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱትን ለሚያጠና ሰውም ይኸው አካሄድ ይሠራል።

የማስመለስ ጥያቄ የሚደግፍ ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት የመወሰን ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ያጣሩ። ብሪቲሽ ሙዚየምን እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ሕግ ከስብስቡ እንዳይሰጥ አጥብቆ ይገድበዋል፤ በአንጻሩ እዚያው ለንደን የሚገኘው ሆርኒማን ሙዚየም በ2022 የ72 ቅርሶችን ባለቤትነት ለናይጄሪያ አስተላልፏል። ስለዚህ ለመጀመሪያው የሚጻፈው ደብዳቤ ሕጉን ሊያሻሽል የሚችለውን ፓርላማም መጥቀስ አለበት፤ ለሁለተኛው ዓይነት ግን በቀጥታ ለባለአደራዎቹ ቦርድ መጻፍ ይበቃል።