የሌሊት ወፍ በድምፅ እየተመራች ስትበር በጎንደር ምሽት እንዴት መከታተል ይቻላል

የሌሊት ወፍ በጨለማ መንገዷን እንዴት እንደምታገኝ ቆሞ አይቶ ለመረዳት የሚያስፈልገው ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ የሌለበት ምሽትና ትዕግሥት ነው። ጎንደር ውስጥ ከሆኑ፣ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር፣ በቀሃ ወንዝ ዳር ዛፍ ከበዛበት ቦታ ወይም ትንኝ ከሚሰበሰብበት የመንገድ መብራት አጠገብ ይቁሙ። ፊትዎን ወደ ምዕራብ ካዞሩ፣ የቀረው ብርሃን የምታልፈውን የሌሊት ወፍ ቅርጽ አጉልቶ ያሳይዎታል።

ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ለተጣራ ሰው ገደል ማሚቶ ድምፁን እንደሚመልስለት ሁሉ፣ ትንኝ የምታድነው የሌሊት ወፍም ከማንቁርቷ ያወጣችው ድምፅ ከቅጠል፣ ከግንብ ወይም ከትንኝ ገላ ነጥሮ ሲመለስ ትሰማለች። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 1.7 ሜትር ርቃ ካለች የእሳት እራት መልሱ የሚደርሳት በአንድ መቶኛ ሰከንድ ነው፤ የመዘግየቱ ልክ ርቀቱን፣ በሁለቱ ጆሮዎቿ በሚሰማው ድምፅ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ አቅጣጫውን ይነግራታል። እኛ የማንሰማት የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ ከ20 ሺህ ንዝረት) በላይ የቀጠነ ድምፅ ስለማይቀበል እንጂ ድምፅዋ ደካማ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም በራሷ ጩኸት እንዳትደነቁር፣ በጮኸች ቁጥር በመካከለኛው ጆሮዋ ያለ ጡንቻ ይኮማተራል፤ መልሱ ሳይደርስ ደግሞ ይላላል። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

አሁን ብዙዎቹን ትተው አንዷን ብቻ በዓይንዎ ይከተሉ። ቀጥ ብላ ወይም በሰፊው እየዞረች ስትበር ገና በመፈለግ ላይ ናት፤ በዚህ ጊዜ የምትጮኸው በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ነው። በድንገት ስትታጠፍ አንድ መልስ ደርሷታል ማለት ነው፤ ወደ ታች ተወርውራ ክንፏን ስትሰበስብ ጩኸቷ በሰከንድ ከ150 በላይ ይሆናል፣ ምክንያቱም ትንኟ በቀረበች መጠን ቦታዋን ቶሎ ቶሎ ማወቅ ይኖርባታል። ይህን በራስዎ ለማረጋገጥ አንዲት የሽምብራ ፍሬ ከፊቷ ራቅ አድርገው ወደ ላይ ይወርውሩ። ብዙ ጊዜ ወደ ፍሬዋ ታጥፋ ትወርድና ልትደርስ ስትል ትተዋት ትሄዳለች። ድምፅ አጥርቶ የሚመለሰው ከሞገዱ ርዝመት ብዙ ከማያንስ ነገር ነው፤ እንደ እሷ ያለ የ40 ኪሎኸርዝ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 9 ሚሊሜትር ስለማይሞላ፣ የሽምብራን ያህል ትንሽ ነገር እንኳ ድምፁን አጥርቶ ይመልሳል። ሆኖም ሙከራውን ከአንድ ሁለት ጊዜ በላይ አይድገሙት፤ ለእያንዳንዱ መታጠፍ ጉልበት ታወጣለች።

ሾላ ላይ ተንጠልጥላ ፍሬ የምትበላ ትልቅ ዓይን ያላት ካጋጠመችዎ ግን ይህ አይሠራም፤ የፍራፍሬ በሎቹ አብዛኞቹ የሚመሩት በዓይናቸውና በአፍንጫቸው ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ልታስተላልፍ ስለምትችል፣ መሬት ላይ የወደቀች ቢያገኙ በባዶ እጅ አይንኩ፤ ከነከሰችዎ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ደህና አድርገው አጥበው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ቤት ውስጥ ገብታ ስትዞር ካዩ በመጥረጊያ አያባርሯት፤ መብራቱን አጥፍተው፣ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው ከክፍሉ ይውጡ። ግድግዳው ድምፅዋን ይመልስላታል፣ የተከፈተው መስኮት ግን አይመልስም፤ በዚያ በኩል ትወጣለች።