ጤናማ ምግብ በተመጣጣኝ ዋጋ ሲሸምቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ጤናማ ምግብ ሲወራ የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው የሚሄደው ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ወዳለው የታሸገ አጃ፣ ከውጭ ወደመጣው ጥራጥሬና በጠርሙስ ወደተሞላው ጭማቂ ነው። ዋጋውን ያይና «ይህ ለእኛ አይሆንም» ብሎ ይመለሳል። እኔ ግን ለዓመታት የቤት አስቤዛ ስገዛ የተረዳሁት፣ ጤናማው ምግብ በአብዛኛው እህል በረንዳና የሰፈር ጉሊት ላይ የሚገኘው የዘወትር ምግባችን መሆኑን፣ የሚያስወድደውም የምንገዛበት ቦታ፣ ጊዜና መንገድ መሆኑን ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ስህተቶች ጎረቤቶቼም እኔም ደጋግመን ሠርተናቸዋል።

ጤፍን በንጣቱ መምረጥ

ማኛ ጤፍ ለእንግዳ ያምራል፣ እንጀራውም ለስላሳ ነው። ነገር ግን ከሰርገኛው ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት የሚከፈለው ለመልኩ እንጂ ለሚሰጠው ምግብ አይደለም። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ነጩም ቀዩም ፉርሽካው ሳይለይ ከነሙሉ አካሉ ይፈጫል፤ ስለዚህ ሰርገኛ የሚበላ ቤተሰብ ማኛ ከሚበላው ቤተሰብ የሚያጎድለው ነገር የለም። ወጪው ከከበደ ጤፉን ከማሽላ ወይም ከገብስ ጋር መቀላቀል ነውር የለውም፤ ዋናው ቁም ነገር ቅልቅሉን የሚወስነው ነጋዴው ሳይሆን ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት የቆመው ባለቤቱ መሆኑ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንጀራ ውስጥ ጀሶና ሰጋቱራ የሚቀላቅሉ ሰዎች መያዛቸው በዜና ሲነገር የደነገጥነው፣ የተፈጨ ነገር ምስጢሩን እንደሚደብቅ ስለምናውቅ ነበር። እህሉን ከነፍሬው የሚገዛ ሰው ግን አንድ እፍኝ መዳፉ ላይ አድርጎ እፍ ቢልበት ገለባው ይበራል፣ አሸዋውና ጠጠሩም መዳፉ ላይ ይቀራል።

ሽሮን ተፈጭቶና ተዘጋጅቶ መግዛት

ይህኛው ከዋጋም በላይ የጤና ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሽሮ ሲባል ሁላችንም የምናስበው አተር፣ ሽንብራና ባቄላ ነው፤ ሆኖም ከእነዚህ ሁሉ ርካሽ የሆነው ጓያ ከተፈጨ በኋላ በዓይን የሚለይበት መንገድ የለም። ጓያ ድርቅን የሚቋቋም እህል በመሆኑ በችግር ዘመን ብዙ ሰው ታድጓል፤ ይሁን እንጂ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር እግርን ሽባ ያደርጋል፣ ጉዳቱም አይድንም። አልፎ አልፎ የሚበላ ጥቂት ጓያ ይህን አያመጣም፤ ግን በተዘጋጀ ሽሮ ውስጥ ምን ያህሉ ጓያ እንደሆነ ገዢው በምን ያውቃል? ፍሬውን ግን ማንም ሊለየው ይችላል፤ አተር ክብ ሲሆን ጓያ ማዕዘን ያለውና እንደ ሽብልቅ አንድ ጎኑ የሾጠጠ ነው። ስለዚህ እህሉን ገዝቶ፣ ለቅሞና ቆልቶ፣ ቅመሙን ጨምሮ ማስፈጨት አንድ ቅዳሜን ቢወስድም ለወራት የሚበቃና የሚታመን ሽሮ ያስገኛል።

ሥጋ ስለተወደደ ልጆቻቸው ፕሮቲን የሚያጡ የሚመስላቸው ወላጆችም ይህን ቢያስቡት ደስ ይለኛል፤ በ100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ 25 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን አለ፣ ምስሩ ሲበስል ደግሞ ውኃ ስለሚጠጣ ክብደቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ድፍን ምስር ከነገለፈቱ ስለሆነ ለሆድም የተሻለ ነው። ጥራጥሬና እህል በብዛት የሚሸመተው የመኸር ምርት ገበያ በሚገባበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራ ሲጎድል ዋጋው ይወጣል።

የማይቆይን ነገር በጅምላ መግዛት

የአትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ቆይቶም ወደ ላፍቶ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ከተዛወረ በኋላ፣ አንድ ክረምት ላይ እስከዚያ ድረስ ሄጄ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ገዛሁ። ከሰፈር ሱቅ ዋጋ ጋር ሳነጻጽረው በጣም የተጠቀምኩ መስሎኝ ነበር። ጆንያውን ከማድ ቤቱ ጥግ፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ሳምንት ሽታው በሩ ላይ ተቀበለኝ፤ ከታች ያሉት ሽንኩርቶች ውኃ ሆነው፣ ከላይ ያሉት አብቅለው አገኘኋቸው፣ ከግማሽ በላዩንም ጣልኩት። የታክሲው ሒሳብ ሲደመርበት በሰፈር ዋጋ ብገዛው ይሻለኝ ነበር። ለአዲስ አበባ ሽንኩርትና ቲማቲም በብዛት የሚመጣው እንደ መቂና ባቱ ካሉ በመስኖ ከሚያለሙ አካባቢዎች ነው፤ በክረምት እርጥበቱ ማሳውንም ማከማቻውንም ስለሚጎዳው በዚያ ወቅት የሚገዛ ሽንኩርት ብዙ አይቆይም።

ጅምላ ለደረቅ ነገር ነው። አትክልት በጅምላ መግዛት ካስፈለገ አራት አምስት ጎረቤቶች ተዋጥተው፣ በዚያው ዕለት ተካፍለው መግባት አለባቸው፤ ቡናን አብሮ የሚጠጣ ሰፈር ይህን ማድረግ አያቅተውም። የቤት ድርሻውንም ወለል ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ነፋስ በሚያገኘው ቆጥ ላይ በትኖ ማስቀመጥ ነው።

መደብን በላዩ መገመት

ጉሊት ላይ መደብ ተደርጎ የሚሸጥ ቲማቲም ከላይ የሚታዩት ፍሬዎች ቀይና ጠንካራ ናቸው፤ የተጫነው፣ የላላው ከሥር ነው። ሻጯን ሳያስቀይሙ እጅን ከሥር ሰድዶ መዳሰስ ወይም በኪሎ እንዲመዘን መጠየቅ ይቻላል። በሌላ በኩል የበሰለው ቲማቲም ለዚያው ቀን ስልስ ከሆነ ምንም አይለውምና ሲመሽ፣ ሻጮች ዕቃቸውን ሲሰበስቡ፣ በቅናሽ መውሰዱ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

የበዓል ዋዜማን መጠበቅ

ይህ አጭር ነው። የፋሲካ ሳምንት እንቁላልና ሽንኩርት እንደሚወደድ እየታወቀ፣ ብዙ ቤተሰብ ደመወዙን የሚይዘው ለዚያ ሳምንት ነው። የሚቆየውን ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ከእሁድ ገበያ ወይም ከሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር መግዛት ይቻላል፤ በእነዚህ ቦታዎች በአምራቹና በገዢው መካከል ያለው ደላላ ስለሚቀንስ ጤፍና አትክልት ብዙ ጊዜ ከመደበኛው ገበያ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ሆኖም እዚያም ቢሆን ዋጋ ሳያነጻጽሩ መግዛት አይገባም።

ዘይትና ጨውን እንደ ተራ ዕቃ ማየት

የፓልም ዘይት ከሌላው ስለሚረክስ ይመረጣል፤ ነገር ግን ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይስማማው የረጋ ቅባት ሲሆን በሱፍ ዘይት ውስጥ ይህ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። የዘይቱን ዓይነት መቀየር ለማይችል ቤተሰብ እንኳ መጠኑን መቀነስ ከኪስም ከጤናም አንጻር የሚያዋጣ ነው። ጨውን በተመለከተ አገራችን አዮዲን ያለው ጨው እንዲሸጥ የምታስገድደው ከእንቅርትና ከልጆች የአእምሮ ዕድገት ችግር ለመጠበቅ ነው፤ ስለዚህ በክፍት ጆንያ ፀሐይ ላይ የሚሸጠውን ትቶ የታሸገውን መግዛት፣ ቤትም ከድኖ ማስቀመጥ ይገባል።

ጎመኑ ከየት እንደመጣ አለመጠየቅ

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ለትንሽ ገንዘብ ብዙ የሚሰጡ አትክልቶች ናቸው፤ ደም ላነሳቸው እናቶችና ለሚያድጉ ልጆች ደጋግሞ ማቅረብ ይገባል። ነገር ግን የከተማዋ ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ የሚለማው የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ በሚቀላቀልበት በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳርቻ ሲሆን፣ በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ ምርምሮች በእነዚህ አትክልቶች ውስጥ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። በደንብ ማጠብ ጭቃውን፣ በደንብ ማብሰል ደግሞ ጀርሙን ያስወግዳል፤ ቅጠሉ ከውስጥ የመጠጠውን ብረት ግን አንዱም አያወጣውም። ጎመኑን በማየትም አይለይም፣ እንዲያውም በፍሳሽ የለማው ብዙ ጊዜ ይለመልማል።

መፍትሔው አንድ ሻጭ ይዞ ደንበኛ መሆንና ሳይታክቱ መጠየቅ ነው፤ ጓሮ ያለው ደግሞ ጥቂት የጎመን እግር ቢተክል ሳምንቱን ያሳልፋል። በየሳምንቱ ጎመን የምትሸጥልኝ ሴት መጀመሪያ ላይ ጥያቄዬ አሰልችቷት ነበር። አሁን ጠዋት ጎመኑን ስታወርድ ስታየኝ፣ ሳልጠይቃት «ዛሬ የሆለታ ነው፣ ውሰድ» ትለኛለች፤ የወንዝ ዳር የሆነ ቀን ደግሞ ጎመኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ድንችና ካሮት ትመዝንልኛለች።