ዲስክ በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ፦ ከከተማ ዳር የሚመጣ ታካሚ ማወቅ ያለበት

ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ለስላሳ ትራስ ነው፤ ከቦታው ወጥቶ ነርቭ ሲጫን በጠባብ ቀዳዳ የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና በዋናነት የሚያስታግሰው የእግር ሕመምን ነው። ሕመሙ ከወገብ ተነሥቶ በመቀመጫ በኩል ወደ ባትና እግር ጣት እየነዘረ የሚወርድ ከሆነ፣ ኤምአርአዩም (የሰውነትን ውስጥ በመግነጢስ የሚያነሣው ምርመራ) በዚያው ወገን ነርቭ የተጫነ ዲስክ ካሳየ፣ ውጤቱ ጥሩ ነው። የሚያመው ወገብ ብቻ ከሆነ ግን ዲስክ ማውጣት እምብዛም አይጠቅምም። ብዙ ሰው ተሠርቶ ቅር የሚሰኘው ይህን ቀድሞ ስላልተነገረው ነው።

አብዛኛው ከቦታው የወጣ ዲስክ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ በማስታገሻና በእንቅስቃሴ ይሻለዋል፤ ያን ያህል ቢታገሡ አይከፋም። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም እግር እየሰነፈ ከሄደ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ መሆን አለመሆኑ ይታይ፤ እሱ በዋናነት በመድኃኒት ነው የሚታከመው። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ወገብን ማሳሸት በዲስክም ሆነ በቲቢ አይመከርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታካሚው ተደንዝዞ በሆዱ ይተኛል። ሐኪሙ በራጅ መሣሪያ ቦታውን ለይቶ ቆዳውን 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀድዳል፤ ጡንቻውን ሳይቆርጥ በተራ እየወፈሩ በሚሄዱ ቱቦዎች ገለል ያደርገውና 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ በማይክሮስኮፕ እያየ ይሠራል። ነርቩን በቀስታ ገፋ አድርጎ የተገነጠለውን የዲስክ ቁራጭ ብቻ ያወጣል። የተረፈው ዲስክ እዚያው ነው፤ ስለዚህ ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ሊመለስ ይችላል። ቁስሉ ትንሽ ነው ማለት ውስጡ ድኗል ማለት አይደለም።

ለሐኪሙ የኤምአርአይ ንባብ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ወይም ሲዲውን ይዘው ይሂዱ፤ የወገብ ተራ ራጅም አይርሱ። አንዳንድ ሰው የወገብ አጥንቱ አምስት ሳይሆን ስድስት ነው፤ ያኔ ቆጠራ ይሳሳትና ያልታመመው ቦታ ሊከፈት ይችላል። የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ በራስዎ አያቁሙ፣ ቀኑን ሐኪሙ ይወስን። ከማደንዘዣ በፊት ምግብ 6 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት ይቆማል።

ነገር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ወደ ቤት ሲኬድ ነው። ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከለገጣፎ ለሚመጣ ሰው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጨናንቆ መሄድ አይሆንም፤ ባጃጅ በኮብልስቶን ላይ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። መኪና ይከራዩ፤ የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድመው ይቀመጡ፤ መንገዱ ከተዘጋ በየ30 ደቂቃው ወርደው ጥቂት ይራመዱ። ከተቻለ የመጀመሪያዎቹን ቀናት መሀል ከተማ ዘመድ ቤት ያሳልፉ።

ቤት ውስጥ፣ ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ ወደ ጎን ይዙሩ፣ እግርዎን ያውርዱ፣ ከዚያ በክንድዎ ገፍተው ይቀመጡ። በርጩማና ዱካ ለጊዜው ይቅር፤ ቡናውን መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ፣ ከ20 ደቂቃ ሳያስረዝሙ። የመቆፈሪያ ሽንት ቤት ብቻ ካለዎት መሀሉ የተቀደደ የፕላስቲክ ወንበር ያስቀምጡበት። ትራማዶል የተባለው ማስታገሻ ሆድ ያደርቃል፤ ማማጥ ዲስኩን ይጫነዋልና ውሃና ተልባ ያብዙ። በየቀኑ ይራመዱ። እስከ 6 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አያንሡ፦ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ 20 ኪሎ ነው፣ ባለ 5 ሊትሩም ልክ ወሰኑ ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ ልብስ ማጠብና ሊጥ ማቡካትም ለሌላ ሰው ይተዉ።

ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ እስከዚያ ቁስሉ ደረቅ ይሁን። መግል፣ ትኩሳት፣ ወይም ከቀን ወደ ቀን የሚብስ የወገብ ሕመም የኢንፌክሽን ምልክት ነው። ሲቆሙ የሚብስ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት፣ ወይም ከቁስሉ የሚፈስ ውሃ መሳይ ነገር ካለ የነርቭ ሽፋኑ ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል ጋደም ብለው ለሐኪሙ ይደውሉ። የእግር ጣት መደንዘዝ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ሕመሙ ከጠፋና ጉልበቱ ካለ አያስደንግጥዎ።