ባክቴሪያውን የገደለው ማን ነው? ከዕፅዋት የብር ናኖ ቅንጣት ሲሠራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በቅጠል ጭማቂ የብር ናኖ ቅንጣት (በናኖሜትር የሚለካ እጅግ ደቃቅ የብር ብናኝ) መሥራትን ለመመረቂያ ጥናታቸው የሚመርጡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ በሰሜን ሸዋ ጦስኝ፣ ዳማከሴና ግራዋ ሩቅ ሳይሄዱ ይገኛሉ፣ የሚገዛው ዋና ኬሚካልም ሲልቨር ናይትሬት ብቻ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፌኖሎችና ፍላቮኖይዶች ለብር አዮን ኤሌክትሮን ሰጥተው ወደ ብርነት ይለውጡታል፤ ሌሎች የጭማቂው ሞለኪውሎች ደግሞ ቅንጣቶቹን ሸፍነው እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ። ሰውን የሚያሳስተው ሥራው ቀላል መምሰሉ ነው። ደጋግሜ ከማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ሌላ ነገር የሠራውን ለናኖ ቅንጣቱ ከመስጠት የሚመጡ ናቸው።

የቧንቧ ውሃ መጠቀም። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎራይድ የብርን አዮን ይዞ ነጭ ሲልቨር ክሎራይድ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ይህ ዝቃጭ ብርሃን ሲያገኘው ስለሚጠቁር ጀማሪው ቅንጣት የተሠራ ይመስለዋል። በዲስቲልድ ውሃ ሠርቶ ናሙናውን ለባክቴሪያ ፈተና በጨው ውሃ የሚያቀጥንም ያንኑ ስህተት በሌላ በር ያስገባል። ቅጠሉም የራሱ ክሎራይድ ስላለው የኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የክሪስታልን ማንነት በኤክስሬይ የሚለይ ምርመራ) ውጤትን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል፤ በመዳብ ጨረር ሲለካ በ38፣ በ44፣ በ64 እና በ77 ዲግሪ አካባቢ የሚታዩት ጫፎች የብር ሲሆኑ፣ በ32 እና በ46 አካባቢ የሚታዩት የሲልቨር ክሎራይድ ናቸው።

ቀለም ተለወጠ ብሎ ሥራውን መዝጋት። ጭማቂው ብቻውን አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ አንዳንዴ የሚጨመረው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከበዛበትም ቡናማ የብር ኦክሳይድ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ብር ያልገባበት ጭማቂና ጭማቂ ያልገባበት ሲልቨር ናይትሬት በተመሳሳይ ሁኔታ ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው፤ ናሙናው የሚውጠውን ብርሃን በሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር ከ400 እስከ 450 ናኖሜትር ባለው ክልል የሚጠበቀው ጫፍም መታየት አለበት።

«በክፍል ሙቀት» ብሎ መጻፍ። የደብረ ብርሃን ክፍልና የሸዋ ሮቢት ክፍል አንድ አይደሉም፤ በአንዱ በፍጥነት የሚያልቀው ምላሽ በሌላው ሊጓተት ስለሚችል ዲግሪው በቁጥር ይጻፍ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሆኖም «በ100 ዲግሪ ተፈላ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከሌላ ጽሑፍ እየተገለበጠ ሲገባ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ያልታጠበ ናሙና መፈተን። ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰው ይህ ነው። ተማሪው ሲልቨር ናይትሬቱንና ጭማቂውን ይቀላቅላል፣ ቡናማ ሲሆን ባክቴሪያ በተዘራበት ፔትሪ ዲሽ ላይ በሚቀመጠው የወረቀት ዲስክ ላይ በቀጥታ ያንጠባጥባል፣ በማግሥቱ በዙሪያው ባክቴሪያ ያልበቀለበት ሰፊ ጥርት ያለ ክብ ያያል፣ ከዚያም «ናኖ ቅንጣቱ ባክቴሪያውን ገደለ» ብሎ ይጽፋል። ምላሽ ሳይሰጥ የቀረው የብር አዮን ግን ራሱ ኃይለኛ ገዳይ ነው። አንዲት ተማሪ እንዲህ ያለ ያማረ ፔትሪ ዲሽ ይዛ መጣች፤ እኔም እኩል ብር ያለው ሲልቨር ናይትሬት በአጠገቡ እንዲቀመጥ ጠየቅኋት፤ የሲልቨር ናይትሬቱ ክብ ሰፍቶ ተገኘ፣ ብልህ ልጅ ናትና ምዕራፉን ራሷ አፍርሳ ጻፈችው። ናሙናው በፍጥነት በሚያሽከረክረው ሴንትሪፊዩጅ እንዲዘቅጥ ተደርጎ፣ ከላይ የቀረው ፈሳሽ ተደፍቶ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት። በተደፋው ፈሳሽ ላይ የጨው ውሃ ጠብ ሲደረግ ከደፈረሰ አዮኑ ገና አላለቀም፤ ካልደፈረሰ ደግሞ ጥቂት አዮን ሊቀር ስለሚችል በዚህ ብቻ መተማመን አይገባም። የታጠበውም ቅንጣት ኦክስጅን ባለበት አዮን ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ኦክስጅን በሌለበት ሲፈተን ኃይሉ እጅግ መቀነሱ የታወቀ ነው። ስለዚህ አዮን መግደሉ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሳያነጻጽሩ ምስጋናውን ለቅንጣቱ መስጠት ነው። ጦስኝም ቢሆን ቲሞልና ካርቫክሮል ስላለው ያለ ብር ባክቴሪያ ሊገታ ይችላልና የጭማቂው ኮንትሮል (ብር የሌለበት ማነጻጸሪያ) የግድ ነው።

በክቡ ስፋት ብቻ መፍረድ። ቅንጣቶች ባክቴሪያው በሚያድግበት የረጋ ምግብ (አጋር) ውስጥ እንደ አንቲባዮቲክ ሞለኪውል በቀላሉ አይጓዙም፤ ጠባብ ክብ ደካማነትን፣ ሰፊ ክብም ብርታትን አያረጋግጥም። 6 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ዲስክ ላይ የክቡ ጠቅላላ ስፋት «6 ሚሊሜትር» ተብሎ የተመዘገበ ውጤትም ምንም አልተገታም ማለት ነው። የባክቴሪያው መጠን በ0.5 ማክፋርላንድ (የፈሳሽ ድፍርስነት መለኪያ) ይስተካከል፤ ዝቅተኛው የመግቻ መጠንም በፈሳሽ ምግብ ውስጥ ይለካ።

ከኤክስሬይ ዲፍራክሽን ጫፍ ስፋት ተነሥቶ መጠን ከሚያሰላው የሼረር ቀመር የተገኘው ቁጥር የክሪስታሉ መጠን እንጂ የግድ የቅንጣቱ መጠን አይደለም።

«ጦስኝ» ብሎ ማለፍ። በአገራችን ጦስኝ የሚባሉት ዝርያዎች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ናሙናው ከመፈጨቱ በፊት አበባ ያለው ቅርንጫፍ ተጭኖ ይድረቅና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ብሔራዊ ኸርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ማንነቱ ይረጋገጥ።

ስለ ደኅንነት ሁለት ነገር ልጨምር። ይህ ፈሳሽ የሚጠጣ መድኃኒት አይደለም፤ ብር ለረጅም ጊዜ ወደ ሰውነት ሲገባ ቆዳን በማይለቅ ግራጫ ሰማያዊ ቀለም ይለውጣል። የተረፈውን ሲልቨር ናይትሬት ከአሞኒያ ጋር ቀላቅሎ ማሳደር ደግሞ የሚፈነዳ ውሁድ ሊፈጥር ስለሚችል፣ ትርፉ በጨው ውሃ ይዝቀጥ፣ ዝቃጩም በመታጠቢያ ገንዳ ሳይደፋ በጠርሙስ ተሰብስቦ ይቀመጥ።